በስተርጅና ሠፈር ስለ መምረጥ



ባለፈው ወር በአንድ እሑድ ጧት፣ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ጠጕራቸው የነጣ አንድ ሰው ከባለቤታቸው ጋር በቅጽሩ በር ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ጉዳያቸውን አስረዱኝ። ሰውየው በአዲስ አበባ ከ30 ዓመት በላይ የመንግሥት ሥራ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አንዲቱ ሴት ልጃቸው በሥራዋ ምክንያት ወደ ጐንደር መጥታ፣ ትዳር መሥርታ፣ እዚሁ ቀርታለች። ባልና ሚስቱም የቀረውን ዕድሜያቸውን ከርሷና ከልጅ ልጆቻቸው አጠገብ ለማሳለፍ ቈርጠዋል።

«ሦስት ቤት አሳይተውናል» አሉኝ። «አንደኛው ከኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው በአዘዞ በኩል ሰፊ ግቢ ያለው ነው። ሦስተኛው ወደ ቀሐ ሲወረድ ያለ አሮጌ ቤት ነው። መምህር፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎትና የትኛው ሠፈር ይሻለናል?»

ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን መሬት መሬቱን እያየሁ ዝም አልሁ። ይህንኑ ጥያቄ ከ5 ዓመት በፊት ስለ ገዛ እናቴ ራሴ ጠይቄ፣ ራሴ መልሼ፣ መልሴም ስሕተት ሆኖ ተገኝቶ ነበርና። ስለዚህ «ለሚመጣው እሑድ ያገናኘን» ብዬ ተለየኋቸው። በዚያ ሳምንት ያሰብሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ፤ ከአንባብያን መካከል ወላጆቹን ከገጠር ለማምጣት የሚያስብ፣ ወይም ራሱ ጡረታ ወጥቶ ጓዙን የሚያስር ብዙ ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የወጣት መዛወርና የሽማግሌ መዛወር አንድ አለመሆኑን ማወቅ ያሻል። ወጣቱ ወደ አዲስ ከተማ ሲገባ መሥሪያ ቤቱ ወዳጅ ይሰጠዋል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከሌሎች ወላጆች ጋር ያስተዋውቁታል፤ ሠፈሩ ባይስማማው እንኳ ዕቃውን ጭኖ ይለውጣል። ሽማግሌው ግን ይህ ሁሉ የለውም። አባታችን አብርሃም ከካራን ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው እንደ ነበረ መጽሐፍ ይነግረናል። ነገር ግን አብርሃም የወጣው ሚስቱን፣ የወንድሙን ልጅ፣ ቤተ ሰዎቹንና ከብቱን ሁሉ ይዞ ነው፤ ድንኳኑን በተከለበት ሁሉ ሠፈሩ አብሮት ነበረ። የዛሬው ጡረተኛ ግን አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥንና ጥቂት ሥዕለ አድኅኖ ይዞ ይመጣል፤ የ40 ዓመት ጐረቤቱን፣ ዕድሩን፣ ሰንበቴውንና የንስሓ አባቱን በመኪና ጭኖ ሊያመጣቸው አይቻለውም። ስለዚህ የሚመርጠው ቤት ብቻ አይደለም፤ የተወውን ሁሉ በምን እንደሚተካ ነው የሚመርጠው።

ከተማችን ጐንደር ለዚህ ነገር የቆየ ትምህርት አላት። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከአንገረብና ከቀሐ ወንዞች መካከል መናገሻቸውን ሲመሠርቱ፣ ከተማዪቱ የተዋቀረችው በሠፈር በሠፈር ነበር። እጨጌው የሚቀመጡበት እጨጌ ቤት፣ ጳጳሱ የሚቀመጡበት አቡን ቤት ተባለ፤ ሙስሊሞች ነጋዴዎች በአዲስ ዓለም ተቀመጡ፤ ሌላውም ሕዝብ በየደብሩ ዙሪያ ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን ሰው ሠፈሩን እምብዛም አይመርጥም ነበር፤ ሥራው፣ ሃይማኖቱና ወገኑ ይመድቡት ነበር እንጂ። ይህ አመዳደብ የራሱ ጭቈና ነበረበት፤ እንዲመለስም አንመኝም። ሆኖም አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ በሠፈሩ ውስጥ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው አልነበረም። እጨጌ ቤትማ የንጉሥ ቍጣ ያባረረው ሰው እንኳ ገብቶ የሚጠለልበት የመማፀኛ ሠፈር ነበር።

በስተርጅናቸው ሠፈር ከመረጡት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ዘወትር ትዝ የሚሉኝ ግን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በፋሲል ግቢ ውስጥ የራሳቸው ግንብ ነበራቸው፤ ነገር ግን ከቀሐ ማዶ ከተራራው ጥግ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ከአጠገቡም መኖሪያቸውን አሠሩ። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም በ1761 ዓ.ም. ተገደሉ። ኀዘን የተደራረበባቸው እቴጌም ከቤተ መንግሥቱ ሁከት ርቀው በቁስቋም ተቀመጡ፤ በ1765 ዓ.ም. ሲያርፉም የተቀበሩት በዚያው ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጐንደር በገባ ጊዜ ያገኛቸው በዚሁ ሠፈራቸው ነበር።

እንግዲህ እኒህ እመቤት በፈለጉት ቦታ ቤት መሥራት ሲችሉ የመረጡትን እንመልከት። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅና የቤታቸው ደጅ የሚቀራረቡበትን፣ ቤተ ሰዎቻቸውና ካህናቱ በዙሪያቸው የሚኖሩበትን ቦታ መረጡ። የሰጡትም ስም የተወሰደው እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት ከግብጽ አገር ከቁስቋም ነው። ለእንግዳ ማረፊያ የሆነን ቦታ ስም ለእርጅናቸው ሠፈር መስጠታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልመለስ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ በወገራ ደጋ ባለው የገጠር ቀያችን ብቻዋን ቀረች። እኔም እንደ ልጅ ግዴታዬን ልፈጽም ብዬ ወደ ጐንደር አመጣኋት። ቤቴ መምህራን በማኅበር ተደራጅተን ከከተማው ዳር የሠራነው ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ አጥሩ የግንብ፣ በሩ የብረት ነው፤ የውሃ ቧንቧም ግቢው ውስጥ አለ። ፀሓይ የሚገባበትን ክፍል ለእርሷ ሰጠሁና «እንግዲህ እናቴ ዐርፋ ትኑር» ብዬ ደስ አለኝ። ያየኝም ሰው ሁሉ አመሰገነኝ።

እናቴ ግን ከወር ወደ ወር ዝም እያለች ሄደች። ቤተ ክርስቲያኑ ለእግሯ ሩቅ ስለ ሆነ የምትሳለመው እኔ እሑድ በባጃጅ ስወስዳት ብቻ ነበር። እኔና ባለቤቴ ወደ ሥራ፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ የብረቱን በር ከውስጥ ቈልፋ እስክንመለስ ትቀመጣለች። «ምን ጐደለሽ?» ስላት «ምንም አልጐደለኝ ልጄ» ትለኛለች። እኔም ቃሏን ተቀብዬ ዝም አልሁ።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ከደረጃው ላይ አዳልጧት ወደቀች። እግሯ ወለም ስላላት ለመነሣት አልቻለችም። ተጣራች፤ ነገር ግን የግንቡ አጥር ድምፅዋን አላሳለፈውም። ባለቤቴ በ7 ሰዓት እስክትመለስ ድረስ ከዚያው ሲሚንቶ ላይ ቈየች። ጐረቤቶቻችን ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን ስሟን አያውቁም ነበር። ማታ እግሯን እያሸሁ ሳለቅስ፣ እርሷ እኔን ልታጽናና ፈልጋ «ልጄ፣ አገሬ ብሆን እኮ ጢሴን ሲያጡ ይመጡ ነበር» አለችኝ።

የገጠር ሰው የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ጧት ጧት ከየጎጆው ክዳን ላይ ጢስ ይወጣል። ከአንዲት አሮጊት ቤት ጢስ ሳይታይ ፀሓይ ከፍ ካለች፣ ጐረቤቷ «እገሊት ምን ሆነች?» ብላ ልጅ ትልካለች፤ ወይም ራሷ ትሄዳለች። ይህ ልማድ በወረቀት የተጻፈ ሕግ የለውም፤ ነገር ግን ስንቱን ሽማግሌ ከሞት አድኖታል። እኔ ለእናቴ ሴራሚክ ሰጥቼ ጢሷን የሚያስተውለውን ሰው ወስጄባት ኖሯል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአንዲት የወገራ ሴት ተዝካር በቀሐ ስለ ነበረ እናቴ ሄደች። በዚያም ከቀሐ ኢየሱስ የማይለዩ እኩዮቿን አገኘች። ሁለተኛም ሄደች፤ ሦስተኛም ሄደች። በመጨረሻም «እዚህ ቀሐ አንድ ክፍል ተከራይልኝ» አለችኝ። እኔ እንቢ አልሁ። እውነቱን ልናዘዝና፣ ያስጨነቀኝ የእርሷ ነገር አልነበረም፤ «መምህሩ እናቱን ከቤቱ አስወጣ» የሚለው የሰው አፍ ነበር። እንዲሁ እያንገራገርሁ 6 ወር አለፈ። ኋላ ጉዳዩን ለንስሓ አባቴ ባዋያቸው «የምትጠብቀው እናትህን ነው ወይስ ስምህን?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

በአንዲት መበለት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየሁላት። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደጁ ይጨቀያል፤ ውሃውም ከግቢው ሰዎች ጋር በጋራ የሚቀዳ ነው። ታላቂቱ ልጄ ከእርሷ ጋር ታድራለች፤ እኔም ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ እዚያ ሳልደርስ ወደ ቤቴ አልገባም። በገባች በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋን ይዟት ከቤት ሳትወጣ ቀረች። እኔም እንደ አጋጣሚ ከዚያ ነበርሁ። ገና ከጧቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከደጁ ቆመው «እሜቴ፣ ምነው ዛሬ ሳይወጡ ቀሩ?» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ከመኝታዋ ቀና ብላ ፈገግ አለች። በእኔ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ፈገግ ስትል አላየኋትም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ነገር የተማርሁትን ባጭሩ ላስቀምጥ።

ሠፈር የሚመረጠው በመኪና ተሂዶ ሳይሆን በእግር ተሂዶ ነው። የሚሄደውም ልጁ ሳይሆን ራሱ ሽማግሌው ነው። ጐንደር ያለችው ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ዳገታማ ቦታ ነው፤ ቁልቁለቱ ጕልበት ይፈትናል፤ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ ከታሰበው ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እስከ ሱቁና እስከ ባጃጅ መቆሚያው ደርሶ መመለስ ይገባል። ሲወርዱ የቀለለ መንገድ ሲመለሱ እንዴት እንደሚሆን ሳያዩ አይወሰን። ሌሊት 11 ሰዓት ለኪዳን ለመነሣት የሚወድ ሰው፣ መንገዱን በዚያ ሰዓት ይየው፤ መብራት አለው ወይስ የለውም፣ ውሻስ እንዴት ነው ብሎ ይመርምር። በበጋ ያማረ መንገድ ሐምሌ ሲመጣ ሌላ እንደሚሆንም አይዘንጋ።

ስለ ፎቅ ቤትም ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ፣ በ60 ዓመት የሚወጣ ቢሆን እንኳ በ70 ዓመት እስር ቤት ሊሆን ይችላል። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥሩ ጐረቤት የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በሮቹ ተቀራራቢ ስለ ሆኑ አንዳንዱ እንደ አንድ ቤተ ሰብ የሚኖር ነው። እንዲህ ያለውን የወደደ ምድር ቤቱን ወይም አንደኛውን ፎቅ ይፈልግ።

ውሃ ደግሞ በከተማችን የታወቀ ችግር ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የሕዝቡም ቍጥር እየበዛ ስለ ሄደ፣ ቧንቧ ገብቶለት ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሠፈር ብዙ ነው። «ቧንቧ አለ ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በማይመጣበትም ቀን ጀሪካን የሚያነሣልኝ ማነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ማሠልጠኛነቱ የታወቀው የዛሬው የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ሆስፒታል ስላለው ከተማችን ዕድለኛ ናት። ነገር ግን ዋናው ነገር የሆስፒታሉ መኖር ብቻ ሳይሆን፣ ሌሊት በታመሙ ጊዜ መኪና ጠርቶ የሚያደርስ ጐረቤት መኖሩ ነው።

ስለ ዕድር ደግሞ ሳትገቡ አትደሩ እላለሁ። ብዙ ዕድሮች አዲስ የሚገባው አባል ከተጠራቀመው ገንዘብና ዕቃ ድርሻውን እንዲከፍል ያደርጋሉ፤ ይህም ለጡረተኛ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የዕድሩን ዳኛ አግኝታችሁ ተከራይን ይቀበል እንደ ሆነ፣ መግቢያውም ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ። ዕድር ለቀብር ብቻ የሚሆን የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ዕድር የገባ ሰው ስሙ በመዝገብ ተጽፎለታል፤ በየወሩም ሲጠራ «አለሁ» ይላል። ባላለበት ወር «የት ሄደ?» የሚል አለ።

ደግሞም አሮጌውን ቤት ሳትሸጡ አዲሱን ቅመሱ። ቢያንስ 6 ወር ተከራይታችሁ አንድ ክረምትና አንድ ትልቅ በዓል ካሳለፋችሁ በኋላ ብትወስኑ ይሻላል። እኔ ቀሐን በደንብ ያወቅሁት ጥር 10 ቀን በከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ጫጫታውም እንቅልፍ አያስተኛም። ጸጥታ የሚወድ ሽማግሌ ይህን ሊጠላው ይችላል። እናቴ ግን ዝማሬው እስከ ደጇ ስለ ደረሰላት «እግዚአብሔር ለእግሬ አዘነልኝ» ብላ ነጠላዋን ለብሳ ትቆማለች። ስለዚህ የአንዱ ደስታ የሌላው ሕመም ሊሆን ይችላልና፣ ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ሳትጠይቁ አትምረጡላቸው። «ምንም አልጐደለኝ» ሲሉም ወዲያው አትመኑ።

ሽማግሌዎችም የራሳችሁ ድርሻ አለባችሁ። በአዲስ ሠፈር ተቀምጦ የቀድሞውን እያመሰገኑ አዲሱን ማማት ወዳጅ ያሳጣል። ሰላምታ ቀድማችሁ ስጡ፤ ለቅሶ ድረሱ፤ የታመመ ጠይቁ። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በባዕድ አገር ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ፣ ምሬቷን ከከተማዪቱ ሴቶች አልሸሸገችም፤ ከእነርሱም አልራቀችም። ሩት በወለደች ጊዜም ለሕፃኑ ስም ያወጡለት እነዚያው ጐረቤቶች ነበሩ።

በመጨረሻም በሠፈሩ ነባር ለሆናችሁ ቤተ ሰቦች አንድ ቃል አለኝ። ባለፉት ዓመታት ሰላም በመታጣቱ ምክንያት፣ መምረጥ ሳይችሉ፣ ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ከተማችን የገቡ ብዙ አረጋውያን አሉ። እነርሱ ሠፈር አልመረጡም፤ ሠፈሩ ግን እነርሱን መምረጥ ይችላል። ከአጠገባችሁ ሽበታም እንግዳ ሲገባ ብታዩ፣ እርሱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቡና አፍልታችሁ ጥሩት፤ ስሙንም ያዙ። ስሙን ያላወቅነውን ሰው ጢስ ልናስተውለው አንችልም።

ባልና ሚስቱን በቀጠሯችን እሑድ አገኘኋቸው። «የትኛው እንደሚሻል እኔ አልነግራችሁም፤ ሦስቱንም በእግራችሁ ሄዳችሁ፣ ከየደጁ ጥቂት ቈይታችሁ ተመለሱ» አልኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጡ። ሴትዮዋ አራተኛውን ፎቅ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ወጥተው ማታ ጕልበታቸው አብጦ አደረ። በአዘዞ በኩል ያለው ግቢ አበባው አስደስቷቸው ነበር፤ ነገር ግን ከረፋድ እስከ ቀትር ሲቀመጡ ደጁን ያለፈ ሰው አላዩም፤ ለልጃቸውም ቤት ሩቅ ሆነባቸው። የቀሐው አሮጌ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። ነገር ግን ጣሪያውን እያዩ ሳሉ አንዲት አሮጊት ከጐረቤት ወጥተው «ከየት መጣችሁ? የማን ወገን ናችሁ? ለምን ቆማችሁ?» ብለው ሁለት በርጩማ አወጡላቸው።

የአዲስ አበባውን ቤታቸውን ሳይሸጡ አከራይተው፣ ይህን ለአንድ ዓመት ተከራይተውታል። ቆርቆሮውን ሰሞኑን አናጢ እያደሰው ነው። እናቴም ከትናንት በስቲያ «አዲስ ሰዎች ገብተዋል አሉ፤ ጧት ጢሳቸውን አየሁት» ብላ ነገረችኝ።

የሰላም አምላክ ለሁላችንም በስተርጅናችን ጠያቂ አያሳጣን።